ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ

ለምወድሽ እህቴ ለሙሉ፣

ለመሆኑ እንደምን ከረምሽልኝ? ባለቤትሽ ተወልደስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ እንደምን ነው? የእናታችን ጉልበት የዘንድሮን ውርጭ እንዴት ቻለው? ያ የጎተራው ስንጥቅ ተመረገ ወይስ አይጥ አሁንም እያስገበራችሁ ነው? እኔም፣ ገረመውም፣ ልጆቹም ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንንም፤ ጤና ነን። ከመስቀል ወዲህ ድምፄ የጠፋው ረስቻችሁ እንዳይመስልሽ። የምጽፈው ጠፍቶኝ ሳይሆን የምጽፈው በዝቶብኝ ነው።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ በገዛ እጄ ነው። ፊደሉን ዶሮ የጫረችው መስሎሽ አትሳቂብኝ፤ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቴ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። አንቺም ማንበብ መቻልሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። እውነቱን ልንገርሽ ካልሽ ግን፣ በአንድ ዙር ጨርሳ ከሞላሌ ሴቶች አንደኛ ወጣች ሲሉኝ ትንሽ ከንክኖኛል። እኔ ሁለት ዙር ነው የፈጀሁት።

ድሮ ደብዳቤ ስናጽፍ በጸሐፊው ፊት ሆድን መክፈት አይቻልም ነበር። አሁን እኔ ጽፌ አንቺ ካነበብሽው በመሐላችን ሰው የለም። ለእናታችን ግን ጮክ ብለሽ እንደምታነቢላት አውቃለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የመስቀል ምልክት ካደረግሁበት ጀምሮ ሌላ መስቀል እስክታገኚ ድረስ ያለውን ዝለይው። ለእሷ ፀሐይነሽ ደኅና ነች፣ እንጨት ተወዷል ብትያት ይበቃታል። በፖስታ ያልላክሁትም ለዚሁ ነው፤ የአገራችን ልጅ ቢተው ለአባቱ ተዝካር ወደዚያ ስለሚወጣ በእጁ እንዲሰጥሽ ነግሬዋለሁ።

+

እንጨት ተወዷል ያልኩሽ እውነት ነው። ከሾላ ገበያ የምንገዛው የባሕር ዛፍ እስር በየሳምንቱ ይቀጥናል። ከሰሉን ኬላ ላይ ይይዙታል። ላምባ ለማግኘት ደግሞ ጀሪካን ይዞ በቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ተሰልፎ መዋል ነው። ገረመው የሚሠራው ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ግንድ በመጋዝ ሲሰነጠቅ የሚረግፈውን የእንጨት ዱቄት እዚህ ሰጋቱራ ይሉታል፤ የእሱ ሥራ ያንን ጠርጎ መኪና ላይ መጫን ነው። መኪናው በየማክሰኞው ሞልቶ ይወጣና ከከተማው ማዶ ቆሻሻ መጣያው ላይ ደፍቶት ይመለሳል። እኛ የምናነደው አጥተን እነሱ እንጨት ይጥላሉ።

ጥቅምት ላይ ገረመውን እስቲ አንድ ጆንያ ይዘህልኝ ና አልኩት። ልትጋግሪው ነው ወይስ ልትፈጪው ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን አመጣው። በእፍኝ በእፍኝ እየዘገንኩ ፍሙ ላይ ስበትነው ቦግ ይልና ይጠፋል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ቢሆንም ውሃ ያሞቃል። ይህን ልብ በይልኝ ሙሉ። ሰጋቱራን ወደዚህ ሰፈር መጀመሪያ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ስለ ጎረቤቴ ስለ ሸምሲያ እስከ ዛሬ ጽፌልሽ አላውቅም፤ ሆን ብዬ ነው። የወሎ ሰው ነች፣ የቃሉ። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ወሩን ሙሉ በአሰብ መንገድ ላይ ነው። ቤቶቻችን በአንድ ግድግዳ የተከፈሉ ናቸው፤ ማድቤቱም የጋራ ነው። ሥጋችን ተለየ እንጂ በርበሬያችን የሚወቀጠው በአንድ ሙቀጫ ነው። ይህች ሴት የነካችው ሁሉ ይያዝላታል። በአንድ ቀን ጎመን ተክለን፣ ከአንድ ቧንቧ ውሃ አጠጥተን፣ የእኔው ሲጠወልግ የእሷ ቅጠል ጃንጥላ ያክላል። ልጆቼ ሲወድቁ እንኳ የሚሮጡት ወደ እሷ በር ነው። ከኔ ይልቅ እሷ ሳትጮህ ስለምታባብል ነው ይላሉ።

ሸምሲያ ከጆንያዬ ትንሽ ሰጋቱራ ለመነችኝ፣ ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ማድቤት ብገባ አንድ ትልቅ የዘይት ጣሳ ይዛ ትታገላለች። የጣሳውን አፍ ቆርጣ፣ ከግርጌው በጎኑ በኩል ቀዳዳ አበጅታለታለች። በቀዳዳው ዱላ አስገባች፣ መሐሉ ላይ ባዶ ጠርሙስ አቆመች፣ ከዚያ ዙሪያውን ሰጋቱራ እያፈሰሰች በዘነዘና ጠቀጠቀችው። ጠርሙሱን እያሽከረከረች ቀስ ብላ መዘዘችው፣ ዱላውንም ሳበችው። ሰጋቱራው ልክ እንደ ጭቃ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ጠርሙሱ የነበረበትም ቦታ ክፍት ሆኖ ቀረ። ከሥር ብጣሽ ወረቀት ለኩሳ ብትሰድበት እሳቱ በመሐሉ ሽቅብ ወጣ። ማራገብ የለም፣ ጭስ የለም። ጠዋት የተለኮሰው ጣሳ ባቄላ ቀቅሎ፣ ወጥ ሠርቶ፣ የልጆች ገላ ማጠቢያ ውሃ እስኪሞቅ ድረስ አልጠፋም።

አደነቅኩላት፣ በአፌ። ገረመው ግን ተቀምጦ ሲያየው ቆየና «ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው» አለ። ወደ እኔ እያየ አላለውም፣ እኔ ግን ሰማሁት። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር ስለ ጭንቅላቴ አንድ ነገር ተናግሮ አያውቅም። በሳምንቱ የሰፈሩ ሴቶች ጣሳና ጠርሙስ እየያዙ ወደ ግቢያችን ይጎርፉ ጀመር። ምድጃውንም የሸምሲያ ምድጃ አሉት። ሰጋቱራው የማን ሆነና ነው የሸምሲያ የሚሆነው? አንዷ እንኳ በእኔ በር ስታልፍ እግዜር ይስጥሽ ያለችኝ የለችም።

የቀበሌያችን የሴቶች ማህበር ሊቀ መንበር ገንዘቤ የምትባል ቆፍጣና ሴት ናት። ነገሩን አይታ፣ ይህ ሁሉ ሰጋቱራ ለምን ይጣላል፣ የማክሰኞው መኪና ጭነቱን እኛ ዘንድ ያራግፍ ብላ ለመሰንጠቂያው ሥራ አስኪያጅ ለጓድ አምደሚካኤል ማመልከቻ ጻፈች። እሳቸውም በዓይኔ አይቼ እፈርማለሁ አሉ። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ በቀበሌው አዳራሽ ምድጃው ተለኩሶ እንዲታይ ተወሰነ። አሳዪ ሸምሲያ ሆነች። እኔን አዳራሹን እንድጠርግና አግዳሚ ወንበር እንድደረድር መደቡኝ።

ቅዳሜ ዕለት ገረመው አዲስ ከተሰነጠቀ እርጥብ ግንድ የወጣ ሰጋቱራ አምጥቶ ነበር። እንዲህ ያለው ሳይሰጣ አይነድም፤ ያጨሳል እንጂ። ደረቁ ጆንያ ደግሞ ከጎኑ ቆሟል። እሑድ ጠዋት ሸምሲያ ልብሷን ሳትቀይር ጣሳዋን ልትሞላ ስትል፣ ሂጂ አንቺ ተዘገጃጂ፣ እኔ እጠቀጥቅልሻለሁ አልኳት። ግንባሬን ስማኝ ሄደች። ሙሉዬ፣ ያን ጊዜ እጄ ወደ እርጥቡ ጆንያ ሄደ። ሳላስበው ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ አስቤው ነው። ገበያ ላይ ድንች ደብቀው ከላይ ቅቤ የሚቀቡትን ሴቶች ስንረግም አልነበር ያደግነው? እኔም እንደዚያው እርጥቡን ከሥር ጠቀጠቅሁ፣ ከላይ ሁለት ጣት የሚሆን ደረቅ አለበስኩት። በጥንቃቄ ነው የሠራሁት። በሕይወቴ እንዲያ ተጠንቅቄ የሞላሁት ጣሳ የለም።

አንድ ጊዜ ታፍር፣ ይበቃኛል ብዬ ነበር። አዳራሹ ግን ሞልቶ፣ በሩም ተዘግቶ ነበር። ሸምሲያ ለኮሰችው። መጀመሪያ ነደደ፣ ተጨበጨበላት። ትንሽ ቆይቶ ከሥር የተነሳው ጭስ ቤቱን ሲሞላው ሰው ወንበር እየገለበጠ ወደ በሩ ተጋፋ። ጓድ አምደሚካኤል በመሐረብ አፋቸውን ይዘው እያሳሉ ወጡ፤ አንዲት ነፍሰ ጡርም ተዝለፍልፋ በሰው እጅ ወጣች። እሷን ሳይ ደስታዬ ጠፋ። ሁላችንም ደጅ ከቆምን በኋላ አንድ የቀበሌው ሹም «ይህ አሻጥር ነው። ማነው ይህን ጣሳ የሞላው?» አለ።

አሻጥር የሚለው ቃል በዚህ ዘመን ሰውን ወዴት እንደሚወስድ በደብዳቤ አልጽፍልሽም። ልጆቼ ታዩኝ። ሸምሲያ ዞራ አየችኝ፤ ለአንድ አፍታ ነው። ከዚያ «እኔ ነኝ የሞላሁት። ቸኩዬ እርጥቡን ከደረቁ ሳልለይ ቀረሁ» አለች።

በሚቀጥለው እሑድ በማህበሩ ሴቶች ሁሉ ፊት ቆማ ግለ ሂስ አደረገች። ተራ በተራ እየተነሱ ሂስ አወረዱባት፤ ቸልተኛ አሏት፣ ታይታ የምትወድ አሏት። አባል ከነበረችበት ከማህበሩ ኮሚቴም አወጧት። እኔ ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀምጬ ነጠላዬን ሳፍተለትል ዋልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ደግሞ ጉዴን ስሚ፤ እዚያ ተቀምጬ እንኳ አንገቷን ሳትደፋ እንዴት እንደቆመች አይቼ ቀናሁባት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ጓድ አምደሚካኤል ማመልከቻውን ሳይፈርሙ መለሱት፣ ሰው ታፍኖ ቢሞት ይጠይቁናል ብለውም ከእንግዲህ ሠራተኛ አንድ ጆንያ እንዳይወስድ ከለከሉ። የኔም ጆንያ አብሮ ቀረ ማለት ነው። በማክሰኞው መገናኛ ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ የመሰንጠቂያው መኪና በፊቴ አለፈ። ገረመው ጭነቱ ላይ ተቀምጧል። ሰጋቱራው በነፋስ እየበነነ መንገዱ ላይም፣ ነጠላዬም ላይ ይረግፋል። አርባ ቤት ወጥ የሚሠራበት እሳት ወደ ቆሻሻ መጣያ ሲሄድ እያየሁ ቆምኩ። ገረመው ከላይ ሆኖ እጁን አወዛወዘልኝ፤ ምስኪን፣ ምንም አያውቅም።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት ማድቤት ሆኜ አልነድም ካለኝ እርጥብ ባሕር ዛፍ ጋር ስታገል፣ ሸምሲያ ግማሽ ጆንያ ሰጋቱራ ተሸክማ ገባች። ጥቅምት ላይ አድርቃ ያስቀመጠችው ነው። ፊት ለፊቴ አስቀመጠችውና በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ፀሐዬ፣ ጣሳውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ከላይ ሁለት ጣት ደረቅ ነበር፣ ከሥር ሌላው ሁሉ እርጥብ። ቸኩሎ የሞላ ሰው እንዲህ አያስተካክለውም።»

ምድሪቱ አልተከፈተችልኝም እንጂ ብትከፈት እገባባት ነበር። ታዲያ እያወቅሽ ለምን እኔ ነኝ አልሽ አልኳት።

«አንቺ ከሄድሽ የሁለቱን ቤት ልጆች ብቻዬን ላሳድግ? ወላሂ አልችላቸውም» አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ተነሥታ ጠርሙሱን በእጄ አስያዘችኝና በይ ጥቅጥቂ፣ ሽሮው ይውጣ አለችኝ።

መላውን ያመጣችው አሁንም እሷ ነች። በአዳራሽ የፈረሰው በሜዳ ይቃና አለች፤ ገረመውም አለቃውን ለምኖ በመሰንጠቂያው ግቢ በምሳ ሰዓት ለሠራተኛው ሻይ እንድናፈላ አስፈቀደልን። እዚያ ስንደርስ ሸምሲያ ወደ ኋላ ቀረች፤ ጣሳውንም ጠርሙሱንም ለእኔ ሰጠችኝ። ጓድ አምደሚካኤል አጠገቤ ቆመው እያዩ እኔው ደረቁን መረጥኩ፣ እኔው ጠቀጠቅሁ፣ ጠርሙሱንም አሽከርክሬ መዘዝኩት። ነደደ። ለሠራተኛው ሁሉ ሻይ ፈላበት፣ የምሳ ሰዓት አልቆ ደወል ተደውሎም አልጠፋም። እሳቸውም ገንዘቤ ይዛው የመጣችውን ማመልከቻ እዚያው ፈረሙ። ገንዘቤ ይህን ነገር የጀመረችው ማን ናት ብላ ስትጠይቅ ሸምሲያ ቀደመችና «ሰጋቱራውን ወደ ሰፈራችን መጀመሪያ ያስገባችው ፀሐይነሽ ናት» አለች። እስከ ዛሬ በሆዴ ይዤው ስብሰለሰል የኖርኩትን ቃል፣ አንድ ፊደል ሳታጓድል።

ተጨበጨበልኝ። ሰጋቱራ አከፋፋይ ተብዬ ስሜ በወረቀት ተለጠፈ፤ በገዛ ዓይኔ አነበብኩት። አሁን የማክሰኞው መኪና ከመገናኛ ወደ እኛ ሰፈር ይታጠፋል፤ ወደ ቆሻሻ መጣያው የሚሄደው ቅርፊቱ ብቻ ነው። አርባ ሴቶች ጆንያ ይዘው ይሰለፋሉ። ሸምሲያም ከመሐላቸው ናት፣ ቅደሚ ብላት አልቀድምም ትላለች። ሳላድል በፊት እጄን እስከ ክንዴ ከትቼ እያንዳንዱን ጆንያ ከሥሩ እዳብሳለሁ። ሴቶቹ ፀሐይነሽ እንዴት ጥንቁቅ ነች ይሉኛል። ሸምሲያ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

ደስ ያለኝ ይመስልሻል? አንድ ቀን ብቻ ነው ደስ ያለኝ። በጎመኗ ስቀናባት ኖርኩ፣ በጠርሙሷ ቀናሁባት፣ አሁን ደግሞ በልቧ ሆነ። ያደረገችውን እኔ ባደረግሁት ኖሮ እላለሁ። እኔ ብሆን እንደማላደርገው ደግሞ አውቀዋለሁ፤ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። የእንጨት ሽበት ሆኛለሁ መሰለኝ፣ ዕድሜ እንጂ ልብ አልጨመርኩም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የጥምቀት ቀሚስሽን ታስታውሻለሽ? ያን ዓመት እናታችን ለአንቺ ብቻ አሰፋችልሽ፤ የኔው ገና አላረጀም ብላ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ እያልሽ በደስታ ስትፈነጥዢ ነበር። በዋዜማው ቀሚሱ በጥጆቹ በረት ውስጥ በአዛባ ተለውሶ ተገኘ። የትም ጥላው ነው ብላ እናታችን በልምጭ ገረፈችሽ፣ አንቺም በአሮጌው ቀሚስሽ ታቦት ሸኘሽ። ከአጥሩ ላይ አውርጄ የረገጥኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅ። ሸምሲያ ጣሳውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ ስትለኝ የታየኝ የአንቺ ፊት ነው። እናታችን ስትገርፍሽ አንድ ጊዜ ቀና ብለሽ አየሽኝ፣ ከዚያ ዓይንሽን መለስሽ። ሙሉዬ፣ አንቺም ታውቂ ነበር?

+

ለተወልደ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ጎተራውን ካልመረገው ገረመው መጥቶ ይመርግልሃል፣ ያኔ ታፍራለህ ብሎሃል በይው። ልጆችሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ትልቋን ፊደል ስትቆጥር ከኔ ልጅ ትበልጣለች አሉኝ፣ በዚህስ እንኳ አልቀናም ብዬ እየሞከርኩ ነው። ለአክስታችን ለአፀደ እጅ ነሺልኝ። ሸምሲያም እህትሽን ሰላም በይልኝ ብላኛለች። ሳታውቅሽ ነው፤ እንዲህ ነች።

ለእናታችን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ዝለይው ያልኩሽንም አትዝለይው። ከመስቀሉ እስከ መስቀሉ ያለውን ቀስ ብለሽ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። እዚህ በሰው ፊት ቆሜ ያልተናገርኩት ግለ ሂሴ እሱ ነው፤ ልናገር ብል ሸምሲያን ዋሾ አደርጋታለሁ፣ ከእናንተ በቀር የምናገርበት ቦታ የለኝም። እሷ ከሰማች በኋላ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጨምሪው። ቀሚሱ ላይ ስትደርሺ ግን ቆም በይና ፊቷን እይልኝ። ከአንቺ ሌላ እሷም ታውቅ ከነበረ፣ የገረፈችው አንቺን የነበረው ለምን እንደሆነ ጠይቂልኝ።

እህትሽ ፀሐይነሽ
ጉርድ ሾላ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 21 ቀን 1975 ዓ.ም.